ጧት ያልነው ብርሃን

ሙያዬ ቆርቆሮ መቀባት ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ «ጎማ እንጠግናለን» ወይም «ቀዝቃዛ የማንጎ ጭማቂ አለ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ከግማሽ በላዩ የእኔ እጅ ነው። ሰው «ሰዓሊው» ሲለኝ ደስ ይለኛል። አባቴ ግን ቆርቆሮ ቀቢ ብለው ነው የሚጠሩኝ። ለእሳቸው ሥዕል ማለት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአልጋቸው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ባሕር።

ባለ መስታወት ፍሬም ውስጥ የገባ የወረቀት ሕትመት ነው፤ ስፋቱ ከሻይ ትሪ ብዙም አይበልጥም። ከታች እርጥብ አሸዋ አለ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ባሕር፣ ከባሕሩ በላይ ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠውን ቦታ የያዘ ሰማይ። ባሕሩና ሰማዩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ ጉም ውስጥ ተቀምጣለች። ከእሷ ተነስቶ እስከ አሸዋው ድረስ ነጭ የብርሃን መንገድ ውኃው ላይ ተዘርግቷል። ሸራ ያላቸው ሦስት ጀልባዎች ዳር ላይ ቆመዋል። በስተቀኝ አንድ ጥቁር ኮረብታ ወደ ባሕሩ ገብቶ ያልቃል። አንዲት ሴት ቅርጫት በጎኗ ይዛ አሸዋው ላይ ትሄዳለች፤ ወደ ጀልባዎቹ ትሂድ ከጀልባዎቹ ትምጣ አይለይም። ይኸው ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል እያቃተኝ ነው ያደግሁት።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ። ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን አልፈው ወደቡ ይደርሱና ጭነት ይዘው ይመለሳሉ። ሥዕሉን የገዙት እዚያው አሰብ፣ ከመርከብ የወረደ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ነው። ከቤታችን ባሕር ያየ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ስለ ሥዕሉ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነበር። ቃላቸውም አጭር ነው። «ጧት ነው» ይላሉ። «አሰብ ላይ ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ ልክ እንዲህ ናት። ጀልባዎቹ ሊወጡ ነው።»

እናቴ ነፍሷን ይማርና ሥዕሉን አትወደውም ነበር። አባቴ ለጉዞ የሚነሱት ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ያ ብርሃን ለእሷ የስንብት ብርሃን ነው። «የመሄጃ ሥዕል» ነበር የምትለው። ቤቱን ስትወለውል ሁሉን ጠራርጋ ፍሬሙን ዘላ ታልፈዋለች። አባቴ ይመጣሉ በተባለ ቀን ግን አመሻሹ ላይ ፋኖስ አብርታ መስኮት ላይ ታስቀምጥ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ኖረም አልኖረም። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ፋኖሷ ዛሬም ቁም ሣጥን ላይ አለች፣ ብርጭቆዋ ብቻ ተሰንጥቋል።

በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ጦርነቱ ሲደርስብን ከተማውን ለቀን ወደ ደጋው ስንወጣ፣ ሰው ሁሉ ልጅና ብርድ ልብስ ሲሸከም አባቴ ያንን ፍሬም በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው ነው የወጡት። ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ሥዕሉ ምን ቢሆንላቸው ነው እንዲህ የያዙት ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የአባቴ ሁለቱም ዓይኖች ሞራ ለበሱ። በመጀመሪያ ጋዜጣ አቃታቸው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ በመጨረሻ ደግሞ ሁሉ ነገር በወተት ውስጥ እንደሚታይ ሆነባቸው። አንድ ነገር ግን ይዘው ቀሩ። በየቀኑ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ግድግዳውን እየዳበሱ ይሄዱና አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ሥዕሉን ተጠግተው ይቆማሉ። ጥቂት ይፈልጋሉ። ከዚያ «አለች» ይላሉ። ውኃው ላይ የተዘረጋችውን ነጭ ብርሃን ማለታቸው ነው። እሷን ካዩ ቀኑ ደህና ነው፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ሐኪሙ ሞራው እንደሚገፈፍ፣ ሥራውም ቀላል እንደሆነ ነገረን። ግን ከቆየ ይጠነክራልና ከዚህ ክረምት እንዳያልፍ ብሎ አስጠነቀቀ። አባቴ አሻፈረኝ አሉ። የሚያውቁት አንድ ሾፌር ዓይኑን ተነክቶ ጭራሽ እንደጨለመበት ይናገራሉ፤ ማን እንደነካው፣ የት እንደነካው ሲባሉ ግን ሌላ ወሬ ያነሳሉ። «የቀረችኝን ብርሃን ለመቀስ አልሰጥም» ይላሉ። «ይቺ ጧቴ ትበቃኛለች።» እኔም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና እጮሃለሁ። እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ። ክረምቱ እየቀረበ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ሲታወሩ ቆሜ ላያቸው ነው ብዬ እፈራ ነበር።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ በዚያው ሰሞን ጀውሃ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እትዬ አስጠሩኝ። ትልቁን ግድግዳ አሳዩኝና «ባሕር ሳልልኝ» አሉ። «ሙቀቱ ሾፌሮቹን ያማርራቸዋል። ግድግዳው እንኳ ይቀዝቅዝላቸው።» የማውቀው ባሕር አንድ ነው። ቤት ሄጄ የአባቴን ሥዕል በስልኬ አነሳሁና ሥራ ጀመርኩ።

ባሕሩን ሰማያዊ ቀባሁ፤ ባሕር ሰማያዊ ነው ስለሚባል። ፀሐይዋን ቢጫ አደረግኋት። ማታ ላይ የገባ አንድ ሾፌር ቆም ብሎ አየና «እንቁላል ጥብስ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምሩን ነው የጠየቀው። እኔ ሳቅሁ እንጂ ውስጤ ተቃጥሏል። በማግስቱ ግድግዳውን በነጭ ደፈንኩትና ቤቴ ተመልሼ፣ አባቴ አጥር ሥር ጥላ ውስጥ ሲቀመጡ ወንበር ስቤ ከሥዕሉ ፊት ቁጭ አልኩ። ሕይወቴን ሙሉ አብሬው ኖሬ እንደዚያን ቀን አይቼው አላውቅም።

ባሕሩ ውስጥ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። አመድማ ነው፣ ቦታ ቦታ አረንጓዴ ይቀላቀልበታል፣ ከጀልባዎቹ ሥር ደግሞ ቡኒ ይሆናል። ፀሐይዋ ቢጫ አይደለችም፤ ባዶ ወረቀት ለመሆን ትንሽ ነው የቀራት። የምታበራው ዙሪያዋ ያለው ነገር ሁሉ ትንሽ ትንሽ ስለደበዘዘ ነው። እኔ ብርሃን ለማምጣት ብርሃን ስቀባ ነበር፤ ያ ሰዓሊ ግን ሌላውን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ፀሐይዋን ዝም ብሎ ትቷታል። እርጥቡ አሸዋ ደግሞ የራሱ ቀለም የለውም፣ ሰማዩን ለብሶ ነው የተኛው። ይህን አላመንኩምና የሮቢ ወንዝ የበልግ ጎርፍ ከጎደለ በኋላ ወርጄ አሸዋውን አየሁ። ቀጥ ብዬ ቆሜ ሳየው ቡኒ ነው። ዝቅ ብዬ በጎን ሳየው ሰማይ ነው። ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች አንገቴን እያጣመምኩ ስንበረከክና ስነሳ አይተው ምን ጠፋብህ አሉኝ። ቀለም ነው ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ጥቁሩ ኮረብታ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቢጫ ነጥብ አለች። ዝንብ ያረፈበት ነው ብዬ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት፣ በጥፍሬ ፋቅሁት፣ አልለቀቀም። መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱን ያቆሸሸ ዝንብ መሆን አለበት ብዬ ተውኩት፤ ግድግዳው ላይ ስስልም ነጥቧን ዘለልኳት።

ሁለተኛው ሙከራ ተሳካልኝ። ብሩሼን ሳጥብ እትዬ ወገባቸውን ይዘው መጡና ረጅም ጊዜ ቆመው አዩ።

«ይቺ ሴትዮ ከየት ነው የምትመጣው?» አሉኝ።

«አትመጣም፣ ወደ ጀልባዎቹ እየሄደች ነው። ጧት ነው።»

«ቅርጫቱ ሙሉ ነው ባዶ?»

«እኔንጃ።»

«እንዴት እኔንጃ ትላለህ? አንተ አይደለህ የሳልካት?»

«ያየሁትን ነው የሳልኩት፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሙሉ ነው። ወገቧን አታይም? በዚህ ጎን ተሰብራ፣ ያኛውን ክንዷን ወደ ውጭ ጥላዋለች። እኔ ቲማቲም በቅርጫት ተሸክሜ ያደግሁ ነኝ። ባዶ ቅርጫት የያዘች ሴት እንዲህ አትሄድም። ዓሣዋን ይዛ ወደ ቤቷ እየገባች ነው። ጧት አይደለም ልጄ፣ ምሽት ነው።»

ሳቅሁ። «ፀሐይዋን አያዩም እንዴ? ባሕሩ ጫፍ ላይ ናት እኮ፣ እየወጣች ነው!»

«ስለ ፀሐይ አላውቅም» አሉ። «እኔ ስለ ቅርጫት ነው የምነግርህ።»

የሳቅሁት በክፋት አልነበረም። የእኛን አገር ፀሐይ የማያውቅ ሰው ግን አይገባውምና ላስረዳ። ሸዋ ሮቢት ላይ በስተምሥራቅ አገሩ ወደ አፋር ሜዳ እየተዘረጋ ይሄዳል። ፀሐይ ከዚያ፣ ከዝርግ መሬት ጫፍ፣ ቀልታና ተልቃ ትወጣለች። በስተምዕራብ ግን የደጋው ተራራ እንደ ግንብ ቆሟል። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ገና ነጭ እንደሆነች፣ ተራራው ይውጣትና ጥላው በማሾ ማሳውና በማንጎ ዛፉ ላይ እየተንሸራተተ ከተማው ላይ ይደርሳል። ያኔ «ጥላው ወረደ» እንላለን፤ ሰው በርጩማውን ይዞ ከቤቱ ይወጣል፣ ባጃጆችም ከየዛፉ ሥር ብቅ ይላሉ። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከሜዳ ጋር ስትተያይ የምናውቃት በጧት ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን ሥዕል ያየ የእኛ አገር ሰው ሁሉ፣ እኔም፣ እናቴም፣ ጎረቤትም፣ ሳይጠየቅ ጧት ነው ይላል። አሰብም ቢሆን ባሕሩ ያለው በምሥራቅ በኩል ስለሆነ አባቴ ከባሕር ላይ ያዩት ፀሐይ የምትወጣውን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ስለ ሴትዮዋ ወገብ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችን በመስኮት እያየሁ መጣሁ። ባዶ ዕቃ የያዘችውና የሞላ የያዘችው ከሩቅ ይለያሉ። እትዬ ልክ ናቸው። ታዲያ ፀሐይዋስ?

በማግስቱ አባቴ ጎረቤት እየመራቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ፍሬሙን አወረድኩትና ከጀርባው ያሉትን ሚስማሮች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ወረቀቱን ሳወጣ ደነገጥኩ። በፍሬሙ እንጨት ተሸፍኖ የኖረው ጠርዝ፣ ስፋቱ ከጣት የማይበልጥ፣ እንደ በሰለ ፓፓያ ደማቅ ነበር፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ሥራዬ ነውና ወዲያው ገባኝ። በዚህ ከተማ ፀሐይ ሁሉን ታነጣለች፤ ከእኔ ቆርቆሮዎችም ላይ ቀዩ ነው ቀድሞ የሚሄደው፣ ሰማያዊውና አመዱ ይቀራል። እኛ ስናየው የኖርነው ቀዝቃዛ ብርሃን ሥዕሉ ሲሳል የነበረው አልነበረም። ያ ሰማይ ሲቃጠል የነበረ ሰማይ ነው።

ከወረቀቱ ጀርባ በላቲን ፊደል ሁለት መስመር ታትሟል። ፊደሉን መጻፍ እችላለሁ፣ ለኑሮዬ እጽፈዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ጎረቤታችን የሆነችው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጋ ይዤ ሮጥኩ። ቋንቋው እንግሊዝኛ አልነበረምና በስልኳ አስተረጎመችው።

«ምሽት በባሕር ዳርቻ» አለችኝ። «ከሥሩ ደግሞ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ይላል። ሰሜን አውሮፓ፣ ምዕራቡ ጠረፍ።»

«ምሽት? ፀሐይዋ ዝርጉ ጫፍ ላይ ሆና?»

«ምዕራብ ወዴት ነው?» አለችኝ።

ወደ ተራራው ጠቆምኩ።

«ለእነሱ እዚያ ጋ ባሕር ነው» አለች።

እንደ ሞኝ ተራራውን እያየሁ ቆምኩ። አንድ አገር ሙሉ ሰው ምዕራቡ ዝርግ ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አስተማሪዋ በመገረሜ ተደስታ ሌላም ነገረችኝ። በዚያ ዘመን ነው አሉ ቀለም እንደ ጥርስ ሳሙና በትንሽ ቱቦ መሸጥ የጀመረው፤ ብዙ ሰዓሊዎችም ከቤታቸው ወጥተው፣ ሜዳና አሸዋ ላይ ተቀምጠው፣ ብርሃኑ ሳይሄድባቸው እየተሽቀዳደሙ ይስሉ ጀመር። ይኼኛው ገባኝ። እኔም በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቀለሙ ብሩሼ ላይ ሳይደርቅብኝ ስሽቀዳደም ነው የምኖረው። ያ ሰው አሸዋው ላይ ተቀምጦ ፀሐይዋ ልትገባበት ነው፣ እጁ ይፈጥናል፤ በዚያ መሐል አንዲት የደከማት ሴት ስታልፍ ወገቧን በሁለት ጭረት ያዘው።

ቤት ገብቼ መልሼ ሰቀልኩትና አየሁት። አንድ ነገር አልተነካም፣ ጀልባዎቹም ሴትዮዋም እንደነበሩ ናቸው። ግን ሌላ ሥዕል ነበር። ሸራዎቹ ሊነፉ የተዘጋጁ ይመስሉኝ ነበር፣ አሁን ነፋሱ ወጥቶላቸው ተንጠልጥለዋል። ጉሙ የጧት ብርድ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን የቀን ድካም ነው። ሥዕሉን ሳይ ደረቴ ላይ የምትሰማኝ ትንሽ መባባት ነበረች፣ ሰው ሊሄድብኝ ነው የምትል። እሷ ጠፋች። ሰው ሊመጣ ነው የሚል ሌላ ስሜት መጣ። አንዲት ቃል ብርሃንን እንዲህ ትለውጣለች? ቀኑን ሙሉ ይህን እያሰብኩ አንድ የፋርማሲ ማስታወቂያ ላይ ፊደል ገደፍኩ።

ለአባቴ አልነገርኳቸውም። በየቀኑ «አለች» የሚሉላት ጧት ናት፤ እሷን ምን ብዬ ነው የምነካው? አራት ቀን ዝም አልኩ። ዝምታ ለእኔ እንደ ጠበበ ጫማ ነው። በአምስተኛው ቀን፣ ሳያውቁ ያስመዘገብኳቸው የደብረ ብርሃን የዓይን ሐኪሞች የቀጠሮ ቀን ሰጡን። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ገብቼ ብነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«ነግሬሃለሁ። ጧቴን አትንኩብኝ።»

«አባባ፣ ጧት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ምሽት ነው! ከጀርባው ተጽፏል፣ ምሽት ነው የሚለው!»

ቀና አሉ። «ማን አለ?»

«አስተማሪዋ አነበበችልኝ።»

«አስተማሪዋ አሰብን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ዝም ትበል።»

«የጀውሃዋ እትዬም ቅርጫቱ ሙሉ ነው፣ ሴትዮዋ ወደ ቤቷ እየገባች ነው ብለዋል።»

«አሁን ደግሞ ባሕርን ወጥ ሠሪ ልታስተምረኝ ነው?» አሉና ተነሱ። ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው ፊታቸውን መስታወቱ ላይ አስጠጉ። «ቅርጫቱ የቱ ጋ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ድምፃቸው ቀንሶ ነበር።

እጃቸውን ይዤ ጣታቸውን ሴትዮዋ ላይ አሳረፍኩላቸው። ጣታቸው መስታወቱን ወዲያና ወዲህ ዳሰሰ። ከዚያ ተመልሰው አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ምነው ምላሴን በቆረጠው ብዬ ራሴን ረገምኩ።

በማግስቱ ወደ ሥዕሉ አልሄዱም። በሦስተኛውም ቀን አልሄዱም። ሻያቸውን ሳልቀሰቅሳቸው አይጠጡም ነበር። አንድ ሊታወር የቀረበ ሰው የያዛትን አንዲት ነገር ቀምቼው ጉብዝናዬን ሳሳይ ነበር እኮ። ይቅርታ ልበላቸው ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«ይህን ሥዕል ጀውሃ ግድግዳ ላይ ስለኸዋል አሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እትዬ ምሽት ነው ይላሉ። ሾፌሮቹ ገሚሱ ጧት፣ ገሚሱ ምሽት እያሉ ይከራከራሉ።»

«ሾፌሮች!» አሉ። «አሰብን በዓይኑ ያላየ ሾፌር ስለ ባሕር ይከራከራል?» ከዚያ «የዓይን ሰዎቹ መቼ ነው ያሉህ?» ብለው ጠየቁ።

«ማክሰኞ።»

«እኔ በሰው ዓይን አላምንም። ራሴ አያለሁ። ዋሽተህ ከሆነ ግን ያንን ፍሬም አናትህ ላይ ነው የምሰብረው።»

ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ማክሰኞ ሄድን። ደብረ ብርሃን ቆላ የለመደውን ሰው አጥንት የሚገባ ብርድ ነበር፤ አባቴ ጋቢ ደርበው የቀኝ ዓይናቸውን ተሠሩ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እኔ ፊታቸው ቆሜያለሁ። ዓይናቸውን ከፈቱ፣ አርገበገቡ፣ ወደ ታች አዩ።

«እጅህን አትታጠብም?» አሉኝ። ጥፍሬ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ቀለም ነው ያዩት። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ስንመለስ ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ከዋሻው ወጥቶ ቆላው ከሥራችን በጭጋግ ተሸፍኖ ሲታይ ፊታቸውን ከመስኮቱ ላይ አላነሱም። ሸዋ ሮቢት የደረስነው ጥላው ከወረደ በኋላ ነው። «በዚህ ብርሃን አልፈርድም፣ ነገ» ብለው ተኙ።

በነጋታው በሩንና መስኮቱን አስከፍተው ወንበር አስጠጉና ከሥዕሉ ፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ እንደ ተከሳሽ እጠብቃለሁ።

«ሴትዮዋ ደክሟታል» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም እያቅማሙ «ቅርጫቱ ሙሉ ነው። ወጥ ሠሪዋ አልተሳሳተችም» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጥቁሩ ኮረብታ ዘረጉ። «ይቺስ ምንድን ናት?»

«እሷ የዝንብ ቆሻሻ ናት፣ አባባ። ፍቄ አልለቅ አለችኝ።»

«የምን ዝንብ! መብራት ናት እንጂ። ኮረብታው ሥር ቤት አለ፣ አይታይህም? መስኮቱ ላይ መብራት አብርተዋል።»

ተጠግቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው። በጥቁሩ ውስጥ ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር አለ፤ ጣራ ነው፣ የግድግዳ ጠርዝ ነው፣ በመሐሉ ያቺ ነጥብ። ሴትዮዋም የምትሄደው ወደዚያው ነው። እኔ ጤነኛ ዓይን ይዤ፣ ሰዓሊ ነኝ እያልኩ፣ የሰው ቤት መብራት በጥፍሬ ስፍቅ ነበር።

«እናትህ የመሄጃ ሥዕል ነው ትለኝ ነበር» አሉ አባቴ። ዓይናቸውን ከነጥቧ ላይ አላነሱም። «እንዳወርደው ለምናኝ ታውቃለች። እኔ ነኝ ጧት ነው ብዬ ያሳመንኳት። እሷ እኮ ፋኖስ የምታበራ ሰው ነበረች። መመለሻ ነው ብዬ ሳልነግራት ሞተች።»

እንባቸው ወረደ። ሐኪሙ ዓይናቸውን እንዳይነኩ አስጠንቅቆ ስለነበር እጃቸውን ያዝኩና በመሐረብ ጉንጫቸውን ብቻ ጠረግሁላቸው። እኔም ከማልቀስ አልቀረሁም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ባጃጅ ይዘን፣ ከዚያም በሚኒባስ ጀውሃ ሄድን። እሳቸው ናቸው ካልወሰድከኝ ያሉት። እትዬ በር ላይ ተቀበሉን፤ አባቴ ባርኔጣቸውን አንስተው «ስለ ቅርጫቱ ልክ ነዎት» ሲሏቸው እትዬ ምንም ሳይገርማቸው ወንበር አቀረቡ። ምሳ ሰዓት አልፎ ሾፌሮቹ ሻይ እየጠጡ ነበር። እኔ ቢጫውን በጥቂት ነጭ በጥብጬ፣ ያለኝን ቀጭን ብሩሽ ይዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ።

«ዝቅ አድርጋት፣ አንተ ቆርቆሮ ቀቢ» አሉኝ ከታች። «መስኮት ናት እንጂ ኮከብ አይደለችም። ትንሽ ወደ ቀኝ። በቃ፣ እዚያ ጋ።»

አንዴ ነካሁና ብሩሼን አነሳሁ።

አባቴ ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። እንደ ድሮ ልማዳቸው አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ፣ ከዚያ ማየት እንደሚችሉ ትዝ ብሏቸው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ።

«አለች» አሉ።